ማቀዝቀዣው ኬላ ላይ የቀረበት ጉዞ

ማክሰኞ፣ ንጋት፤ አዳማ

ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። መሪውን የያዙት ጋሽ ታደለ ናቸው፤ ፀጉራቸው በጅቡቲ መንገድ ላይ የሸበተ የከባድ መኪና ሹፌር። እኔ የቴክኒክ ኮሌጅ አስተማሪ ነኝ። ጋቢናው ጣሪያ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር የሠራሁት ማቀዝቀዣ ታስሯል። በፀሐይ ኃይል ባትሪ ይሞላል፤ ሞተር ጠፍቶም ጋቢናውን ያበርዳል።

ሐሳቡን ያመጡት ራሳቸው ጋሽ ታደለ ናቸው። ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠበቅ፣ ነዳጅ እንዳይባክን ተብሎ ሞተር ማስነሣት ክልክል ነው። በሰኔ ደግሞ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ እቶን ውስጥ መቀመጥ ነው።

"አምና አንድ ጓደኛችንን መሪው ላይ ተደፍቶ አገኘነው" አሉኝ መተሐራን ስናልፍ። "የተኛ መስሎን ጡሩምባ ስንነፋበት ቆየን።"

ጅቡቲ የምሄደው ለስብሰባ ነው። የአካባቢው አገሮች ፈጣሪዎችን፣ ዩኒቨርሲቲዎችንና ፋብሪካዎችን የሚያገናኝ አንድ የፈጠራ ፖሊሲ ሊያወጡ ነው ተብሏል። መሣሪያውን እንዳሳይ ተጋብዣለሁ።

ከአዋሽ በኋላ ጥቁር ድንጋይ፣ ግራር፣ የተገለበጠ ተሳቢ፣ ፍየል የሚነዱ የአፋር ልጃገረዶች። ሎጊያ አደርን። ጋሽ ታደለ ማቀዝቀዣውን ከፍተው ጋቢና ውስጥ ተኙ። ጠዋት ፊታቸው ፈክቶ፣ "መምህር፣ ብርድ ልብስ አማረኝ እኮ!" ብለው ሳቁ።

ረቡዕ፤ ጋላፊ

የድንበር ኬላው ላይ አንድ የጉምሩክ ተቆጣጣሪ ጣሪያችንን ሽቅብ አየ።

"ያ ምንድን ነው?"

አስረዳሁት። የግብዣ ደብዳቤዬን አሳየሁት። ወጣቱ በትሕትና አነበበው፤ መልሶም ሰጠኝ።

"ለሽያጭ ነው ብትለኝ ቀረጥ አስከፍልሃለሁ። የመኪናው አካል ቢሆን ሊብሬው ላይ ይኖር ነበር። ይኼ ግን ሁለቱንም አይደለም። ፈቃድ አምጣና ውሰደው።"

"ፈቃዱን የሚሰጠው ማነው?"

"እሱን እኔም አላውቅም።"

ፀሐዩ እየከረረ ሄደ፤ ከኋላችን የተሰለፉት ጡሩምባ ነፉ። ጋሽ ታደለ ራሳቸው ጣሪያው ላይ ወጥተው ብሎኑን ፈቱ። ኬላው መጋዘን አስገባነው። ድንበሩን ተሻግረን በዲኪል በኩል ወደ ጅቡቲ ከተማ ወረድን።

ሐሙስ፤ ጅቡቲ ከተማ

ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ተነሥቷል። ጋሽ ታደለን ከከተማው ዳር፣ ከባድ መኪኖች ተራ ከሚጠብቁበት ሜዳ ትቼ በሚኒባስ ቡላኦስ ወደሚባለው የከተማው ሰፈር ገባሁ። የአሸዋ ብናኝ፣ የተዘጋ መስኮት፣ በጣሳ በረዶ የምትሸጥ ሴት። የስብሰባው አዳራሽ ግን ኮት ያስለብሳል።

መድረክ ላይ የወጣው ሰው በፈረንሳይኛ፣ "ፈጠራ ድንበር አያውቅም" ሲል ተጨበጨበ። ተራዬ ሲደርስ ፎቶ አሳየሁ፤ መሣሪያው ኬላ ላይ መቅረቱንም ነገርኳቸው።

ከኢትዮጵያ ከመጡት ወገኖቼ አንዱ፣ "ጥቅም ላይ የሚውለው ጅቡቲ ስለሆነ አስተናጋጆቻችንን ይመለከታል" አለ።

ከአስተናጋጆቹ አንዷ ፈገግ ብላ፣ "መኪናውም ሹፌሩም የእናንተ ናቸው" ብላ መለሰች።

ሰብሳቢው ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ማንም አልተቃወመም። ምሳ ሊቀርብ ሲል ስልኬ ጮኸ። የጋሽ ታደለ የሥራ ባልደረባ ከድር ነው።

"መምህር፣ ቶሎ ና። ታደለ ወድቋል።"

ጋሽ ታደለ ተራቸው እንዳያልፍ ብለው ከጋቢናው አልወረዱም ነበር። ከድር ውኃ ሊያቀብላቸው ሲሄድ ዓይናቸው ተገልብጦ፣ ቆዳቸው ደርቆ እንደ እሳት ሲፋጅ አገኛቸው። ሹፌሮቹ ያላቸውን ውኃ ሁሉ ላያቸው ላይ አፍስሰው ሆስፒታል አደረሷቸው።

ዓርብ፤ ሆስፒታል

ሐኪሙ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው የሚናገረው። የከድር እኅት ዘነበች ራስ ዲካ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ልታስተረጉምልን መጣች። ሐኪሙ ብዙ አወራ።

"ምን አለ?" አላት ከድር።

"ይተርፋል አለ።" ሻሿን አስተካከለች። "ሙቀቱ ግን ጭንቅላቱን ጎድቶታል። እጁ መንቀጥቀጡን ላይተው ይችላል። መንዳት ከእንግዲህ... አይሆንም አለ።"

ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። ሰምተው እንደሆነ አላወቅንም።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከስብሰባው አዘጋጆች አንዱ ደወለልኝ። ድምፁ ላይ ደስታ ይሰማል።

"እንኳን ደስ አለህ! መሣሪያህ የቀጠናው የፈጠራ ትብብር ምሳሌ ተብሎ ተመርጧል። ለሪፖርቱ ጥርት ያለ ፎቶ ላክልን።"

"የተሠራለት ሰው ሆስፒታል ተኝቷል" አልኩት።

"ውይ፣ እግዜር ይማረው። ፎቶው ግን ዛሬ ቢደርስልን..."

ዘጋሁት። ተመልሼ ገባሁና አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘነበች ብርቱካን እየላጠች በትንንሹ ታጎርሳቸው ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት፤ አዳማ

ጋሽ ታደለ ከሆስፒታል እንደወጡ ከድር የራሱን መኪና ለረዳቱ ትቶ በእሳቸው መኪና ይዞን ተመለሰ። እሳቸው መሐል ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። አንዳንዴ ዳገት ላይ ቀኝ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ ማርሹ ይሄዳል። ከድር አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

አዳማ የገባነው ከቀትር በኋላ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ የመኪናውን ድምፅ ሰምተው ከግቢ ወጡ። በስልክ፣ ጋሽ ታደለን ሙቀት አሟቸው ነበር፣ አሁን ድነዋል ብለናቸው ነበር፤ ከእንግዲህ እንደማይነዱ ግን አልነገርናቸውም። በፈገግታ ቀጥ ብለው ወደ ሹፌሩ በር ሄዱ። በሩ ተከፍቶ ከድር ወረደ። ግራ ገብቷቸው ቆሙ።

እኔ በወዲያኛው በኩል ጋሽ ታደለን በሁለት እጄ ደግፌ እያወረድኩ ነበር። እትዬ አልማዝ መኪናውን ዞረው መጡና አዩን።

"ታዴ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ምነው በዚህ በኩል ወረድክ?"