ዶሮው ሳይበስል

ጎረቤቴ ሽንኩርት ስታቁላላ ሽታው ብቻዬን እስከምኖርባት የዳንግላ ክፍሌ ድረስ ይመጣል። ዛሬም መጣና በሐሳብ ወደ ልጅነቴ፣ እንጅባራ እናቴ ቤት ይዞኝ ሄደ።

የባሏን የአርባ ተዝካር ባወጣች ማግስት አክስቴ ከጥሊሊ መጣች። እናቴ ሳመቻት፣ ከቀርቀሃው ወንበር አስቀመጠቻትና ተሰወረች። አውራ ዶሮውን ስታሳድድ የዘንገናን ሐይቅ ሦስት ጊዜ ሳትዞር አልቀረችም። ከዚያ የከተፈችው ሽንኩርት ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃ ነበር።

«እትዬ፣ ነይ እስቲ አጠገቤ ተቀመጪ። ለመብላት አይደለም የመጣሁት» አለች አክስቴ።

«ኧረ በማርያም! የክርስቲያን ቤት እንግዳን ባዶ አፉን ያስቀምጣል?» አለች እናቴ ከጓዳ።

ሰው ያጣችው አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ እያሻሸች ለእኔ ታወራኝ ጀመር። «ሲመሽ በሩን ከፍቶ የሚገባ ይመስለኛል» አለችኝ። ማን እንደሚገባ አልጠየቅኋትም፤ ልቤ ከዶሮው እግር ጋር ድስት ውስጥ ነበር።

የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣት ብድግ አለች።

«ጠገብሁ፣ እትዬ።»

አንድ ጉርሻ እንኳ አልቀመሰችም። እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ደጃፍ ቆማ አለቀሰች። እኔ ከንቱ ግን የእንግዳ ድርሻ ደረሰኝ ብዬ ፈነጠዝሁ።

ዛሬ ዝምታው ሲበዛብኝ ጫግኒ ላለችው እኅቴ ደወልሁ።

«ልምጣ እንዴ? እንዲያው ቁጭ ብለን እንድንጫወት።»

«ምን አሰናድቼ! ለፋሲካ ና፣ ወንድምዓለም።»

ፋሲካ ያለፈው ባለፈው ሳምንት ነው።