በሓድነት ጓሮ የሞላነው ሰዓት

ስምምነቱ በተፈረመበት ዕለት ጠረጴዛው ላይ አበባ ነበር። እኔ ቀይ ነበር እላለሁ፤ ባልደረባዬ ነጭ ነበር ይላል። ፎቶግራፎቹ የተቀመጡበት ኮምፒውተር ከጦርነቱ በኋላ የት እንደገባ ስለማይታወቅ በሁለታችን መካከል የሚፈርድ የለም። ይህን የማነሣው ስለ አበባው ግድ ኖሮኝ አይደለም፤ የምተርከው ሁሉ በእንዲህ ያለ ትዝታ ላይ የቆመ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።

ባሕር ማዶ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ እኛ ለምናስተምርበት የፊዚክስ ክፍል አንድ መሣሪያ ሰጠ። መሣሪያው ፀሐይ በምድር መግነጢሳዊ መስክ ላይ የምታደርሰውን የየዕለቱን ለውጥ ይመዘግባል። እኛ በበኩላችን ቦታ፣ ጥበቃና የሁለት መምህራን ጊዜ እንሰጣለን። ውሉ ውስጥ «በእኩልነት ላይ የተመሠረተ የምርምር አጋርነት» የሚል ሐረግ ነበር፤ ሐረጉን እኔው ራሴ ወደ አማርኛ ስለመለስኩት እዚህ ላይ ትዝታዬ አያጠራጥርም።

ሁለቱ መምህራን እኔና ባልደረባዬ ነበርን። እርሱ በዕድሜ ያንሰኛል፤ ቅጥሩም እንደ እኔ ቋሚ ሳይሆን በኮንትራት ነበር። አባቱ ከወሎ መጥተው መቀሌ የከተሙ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከእናቱ ጋር በአማርኛ፣ ከመንገዱ ጋር በትግርኛ፣ ከእኔ ጋር ደግሞ እንዳሻው እየቀላቀለ ያወራል። ምርምሩን ከባሕር ማዶ የሚመሩት ፕሮፌሰር ረጋ ያሉ፣ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፤ ለእርሱ የሰጡት ቃል ግልጽ ነበር። መሣሪያው በቂ ዘመን ከመዘገበና መዝገቡ ተቀባይነት ካገኘ፣ ባልደረባዬ በዚያው መዝገብ ላይ የዶክትሬት ጥናቱን እርሳቸው ዘንድ ይሠራል። እኔ ከዚያ ስምምነት በሚታተመው ጥናት ላይ ስሜን ብቻ ነበር የምጠብቀው። እርሱ ሕይወቱን ይጠብቅ ነበር።

መሣሪያው የሚፈራው ብረትን ነው። መሬት ውስጥ በተቀበረው ዳሳሽ ክፍሉ አጠገብ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር በግራፉ ላይ ያለው መስመር ይዘላል። ባልደረባዬ የክፍል ኃላፊያችንን ቀበቶ ሳያስፈታ ወደ ጉድጓዱ አላስጠጋም ብሎ ያሳቀን ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ኃላፊው በእርግጥ ቀበቶአቸውን ፈትተው እንደሆነ ግን እንጃ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩ ተዘጋ፣ ግቢው ባዶ ሆነ። መሣሪያውን ከነባትሪውና ከነሶላሩ ነቅለን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ በእጅ ጋሪ እየገፋን ሓድነት ሰፈር ወዳለው የወላጆቹ ቤት ወሰድነውና ጓሮው ውስጥ ቀበርነው። እናቱ በሩ ላይ ቆመው አዩን።

«ኧረ ለመሆኑ ይኸ ምን ይበላል?» አሉ።

«ባትሪ ብቻ ነው፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲያ ከናንተ ይሻላል።»

በዚያ የማጓጓዝ ሥራ ላይ ከሳተላይት ሰዓት የሚቀበለው አንቴና ገመዱ ተበጠሰ። መለወጫ ከየት ይገኛል? ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሰዓቱን ከሰማይ ሳይሆን ከእኛ የሚቀበል ሆነ። ክረምት ሲገባ ሶላሩ በደመና ምክንያት ባትሪውን መሙላት ያቅተዋል፤ ባትሪው ሲሞት የመሣሪያው ሰዓት ይጠፋል፤ ባትሪው ሲያንሰራራ ደግሞ ከሁለታችን አንዳችን ጎንበስ ብለን ሰዓቱን በእጃችን እንሞላለን። የምንሞላው ከባልደረባዬ የእጅ ሰዓት እያየን ነበር። የእጅ ሰዓቱም እንደ ከተማው ሰው ሁሉ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። የመሣሪያው መመሪያ የሚያዘው ዓለም አቀፉን፣ ማለትም የግሪንዊችን ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል የሦስት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እኩለ ቀን ለእኛ ስድስት፣ ለመመሪያው ዘጠኝ ነው።

አንድ ማለዳ በግልጽ ይታየኛል። ዝናብ አባርቷል፤ እርሱ የእጅ ሰዓቱን ወደ እኔ አዙሮ ይዟል፤ እኔ ሦስት ሰዓት እየደመርኩ ቁጥሩን አስገባለሁ። ሌላ ማለዳም ይታየኛል፤ በዚህኛው ምንም አልደምርም፤ ያየሁትን እንዳየሁት አስገባለሁ፤ ርቦኛል፤ ቶሎ ጨርሼ ወደ ቤቴ መሄድ እፈልጋለሁ። ሁለቱ ማለዳዎች ሁለት መሆናቸውን፣ ወይስ አእምሮዬ አንዱን ለሁለት ከፍሎት እንደሆነ፣ ዛሬም አላውቅም።

መስመር ተከፍቶ ኢንተርኔት ሲመለስ መዝገቡን ላክን። ፕሮፌሰሩ በቪዲዮ ሲያነጋግሩን ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ። «በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ አላየሁም» አሉ። ምክንያቱን ጠየቁን። ባልደረባዬ ወደ እኔ ተመለከተና በእንግሊዝኛ መለሰላቸው፤ ነዳጅ ስላልነበረ መኪና አልነበረም፤ መብራት ስላልነበረ የሚረብሽ ሽቦ አልነበረም፤ የሰፈሩ ወፍጮም ቆሞ ነበር። ፕሮፌሰሩ «ሊደገም የማይችል ሁኔታ ነው» አሉ። ለምርምር ማለታቸው ነበር። ከልባቸው ማለታቸው ነውና አልተቀየምኳቸውም፤ ወይም እንዳልተቀየምኳቸው ለራሴ ነገርኩት።

ችግሩ ብዙም ሳይቆይ ተገለጠ። የመሬት መግነጢስ የቀን ለውጥ ጫፍ የሚነካው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። በእኛ መዝገብ ግን ጫፉ አንዳንዴ ስድስት ላይ፣ አንዳንዴ ዘጠኝ ላይ ይወድቃል። ነገሩ ወዲያው ገባን፤ ገልጸንም ጻፍን። ጫፉ ስድስት ላይ የወደቀበት ጊዜ ሰዓቱ በሀገራችን አቆጣጠር የተሞላበት ነው፤ ሦስት ሰዓት ይደመርበት አልን። እርሳቸው ግን እንዲህ አሉ፤ ጥናቱ የሚመረምረው ጫፉ መቼ እንደሚደርስ ነውና ሰዓቱን በጫፉ ማረም አይቻልም፤ ይህ ፈተናውን ከመልሱ መኮረጅ ነው። እኛም መለስን፤ ጫፉ በደቂቃዎች ይንቀሳቀሳል እንጂ ሦስት ሰዓት አይዘልም። ሐሳቡ ምክንያታዊ መሆኑን አመኑ። «ገምጋሚዎቹ ግን አይቀበሉትም» አሉ። ስለዚህ እያንዳንዳችን፣ ሳንመካከርና ግራፉን ሳናይ፣ ሰዓቱ በሞተ ቁጥር በየትኛው አቆጣጠር እንደሞላነው ከትዝታችን ጽፈን በፊርማችን እንድናረጋግጥ ጠየቁ።

ባልደረባዬ የራሱን በአንድ ቀን ጨርሶ ጠራኝ። ጓሮው ውስጥ፣ መሣሪያው የተቀበረበት ቦታ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነበር።

«አታ ሓወይ፣ አንተም ይህንኑ ገልብጠህ ፈርም» አለኝ፤ ሓወይ ሲል በትግርኛ ወንድሜ ማለቱ ነው።

«ምኑን ነው የምፈርመው? አንዱን ከአንዱ ለይቼ አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሼልሃለሁ።»

«ከግራፉ ነው የጻፍከው።»

«እና ግራፉ ይዋሻል? ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ መሆኗን ለማወቅ አሁን ምስክር ይጠራል?»

«ግራፉን ሳታዩ ነው ያሉት።»

«እነሱማ በጨለማ ከተማ ሰዓት ሞልተው አያውቁ!» ሳቀ። «እሺ፣ እኔ ወላሂ እላለሁ፣ አንተ በሥላሴ በል። ሁለት ሃይማኖት መስክሮላቸው ካልበቃቸው ምን ልናደርግ ነው?»

«አንተ ልጅ፣ በወላሂ አትቀልድ!» አሉ እናቱ ከማድ ቤት።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ ካለፈኝ ሌላ የለም» አለ። «ዕድሜዬን ታውቀዋለህ። ከዚህ በኋላ ማን ይወስደኛል?»

አውቅ ነበር። ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስመለስም አውቅ ነበር። ቤቴ ተቀምጬ ብዙ ጽፌ ብዙ ሰረዝኩ፤ በመጨረሻም የላክሁት እንዲህ የሚል ነበር፤ «ሰዓቱን አንዳንድ ጊዜ በሀገራችን አቆጣጠር፣ አንዳንድ ጊዜ በዓለም አቀፉ እንደሞላን አምናለሁ፤ የትኛውን መቼ እንደሆነ ግን አላስታውስም።» ዛሬም ብጠየቅ ከዚህ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ፕሮፌሰሩ ስለ ሐቀኝነቴ ከልብ አመሰገኑኝ። «ሳይንስ የሚቆመው እንደ አንተ ባሉ ሰዎች ነው» ብለው ጻፉልኝ። የጦርነቱ ዘመን መዝገብ ከጥናቱ ወጣ። ለባልደረባዬ የታሰበውም የጥናት ቦታ፣ የቆመበት መዝገብ ስለሌለ፣ ለሌላ አገር ተማሪ ተላለፈ።

ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ በየአገሩ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለተተከለበት ጣቢያ ሁሉ በሥዕሉ ላይ አንድ አንድ ረድፍ ተሰጥቶት አየሁ። የመቀሌ ረድፍ መካከሉ ነጭ ነው፤ ሥር «መረጃ የለም» ይላል። ከፍ ብሎ ባለው ረድፍ ደግሞ ከእነርሱ አገር ጣቢያዎች አንዱ በብልሽት ምክንያት ለጥቂት ጊዜ ሳይመዘግብ ቀርቶ ኖሯል። ያ ክፍተት ግን ነጭ አይደለም፤ ከጎረቤት ጣቢያዎች በተሰላ ግምት ተሞልቷል። ይህም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተገልጿል። ስለ ትዝታው የተጠየቀ፣ ያረጋግጥ ዘንድ የፈረመ ማንም የለም። ዓረፍተ ነገሯን ደጋግሜ ያነበብኳት ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ነበር። አልተሳሳትኩም። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከትዝታ ሳይሆን ከወረቀት ላይ የማውቃት አንዲት ነገር እርሷ ናት።

በቅርቡ ስምምነቱ ታደሰ። አዲሱ መሣሪያ ሰዓቱንም ባትሪውንም ራሱ ያስተዳድራል፤ መረጃውን በቀጥታ በሳተላይት ወደ እነርሱ ይልካል። የእኛ ድርሻ ተብሎ በውሉ የሰፈረው ቦታ ማዘጋጀት፣ ማጠርና ብረት እንዳይጠጋ መጠበቅ ነው። «እኩልነት» የሚለው ቃል አሁንም አለ፤ ይህን ውል ግን የተረጎመው ሌላ ሰው ነው። በፊርማው ሥነ ሥርዓት ላይ ባልደረባዬ አልተገኘም። ማስተማሩንም ትቷል፤ ከአባቱ ሱቅ ገብቷል።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። የታተመውን ይዤለት ነበር። ለአንዲት ሴት ከፋይ ጨርቅ ይለካ ነበርና ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሰላም አለኝ።

«ስምህ አለበት» አልኩት።

«የቱ ጋ?»

«ምስጋናው ላይ።»

«አንተስ?»

«ከላይ። ከጸሐፊዎቹ ጋር።»

ወረቀቱን አልተቀበለኝም። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሓወይ» አለ። ፌዝ እንዲሆን ጠብቄ ነበር፤ ፌዝ አልነበረም፤ ከፌዝ የከፋው እርሱ ነው።

«ሳላስታውስ አስታውሳለሁ ማለት አልቻልኩም» አልኩት።

«እኔስ አስታውሼ ነበር የጻፍኩት የመሰለህ?» መቀሱን አነሣ። «እኔም እንዳንተ ነኝ፤ አንዲቱንም ቀን አላስታውስም። ግን አንተ ‹አላስታውስም› ብለህ የምትገባበት ቤት፣ የምትቆምበት ሰሌዳ ነበረህ። እኔ አልነበረኝም።»

ሴትየዋ ጨርቁን ጠቆም አድርገው «አይጠብም ወይ ይኸ?» አሉ።

«አይጠብም፣ እናቴ። ደግሜ ልለካልዎት።» ከዚያም ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ወንድም፣ ከብርሃኑ ፈቀቅ በል፤ ሜትሩ አልታይ አለኝ» አለ።

ፈቀቅ አልኩ።