ዛሬ የት ታድሪያለሽ?

ባሏ የደበደባት ሴት ስትመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለምን መታሽ?» አይደለም፤ «ዛሬ የት ታድሪያለሽ?» ነው። ይህን ያስተማረችን አሰልጣኛችን ናት። ያኔ አንቱ ነበር የምላት፤ አሁን ስጽፈው ግን አንቱታው እጄ ላይ አልመጣ አለኝ።

ቃሊቲ፣ ከብረታ ብረት መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ነው ለሴቶች ድጋፍና ጥብቅና ሥራ የሰለጠንነው። አንዳችንን ሚስት፣ አንዳችንን ፖሊስ እያደረገች ታለማምደናለች። እኔ ፖሊስ ስሆን ሁሌ እቆጣለሁ። «አንቺ በዚህ አመልሽ ጣቢያውን ሁሉ ታስለቅሻለሽ» ትለኝና ራሷ ቀድማ ትስቃለች። እወዳት ነበር። ከእናቴ ቃል የእሷ ቃል ይበልጥብኝ ነበር።

ለተግባር ልምምድ የደረሰችኝ ባለጉዳይ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ሙዝና ብስኩት የምትሸጥ ነበረች። ባሏ የሰበረውን እጇን በሻርፕ አንጠልጥላ፣ በደህናው ለገዢ የብር መልስ ትሰጣለች። አንጀቴን በላችው። «ዳግም ከተመለስኩ ይገድለኛል» አለችኝ፤ እኔን ለማመን ግን አልፈለገችም። «እናንተም ወስዳችሁ ለእሱው ነው የምትሰጡኝ።» ከስንት ልመና በኋላ እሺ ስትለኝ ገላን ኮንዶሚኒየም አክስቴ ጋ አስገባኋት። ማንም እንደማያገኛት ማልኩላት። የምታድርበትን ለአሰልጣኛችን ብቻ መንገር ደንብ ነውና በጆሮዋ ነገርኳት። «ጎበዝ ልጄ» አለችኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የአክስቴ በር ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ፤ ከኋላቸው ባልየው አንገቱን ደፍቶ፣ ከጎኑ ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ አሰልጣኛችን። ሴትየዋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

አክስቴ ወንበር ስትስብላቸው ትልቁ ሽማግሌ «እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ። የእኛ ሽምግልና እንዲህ ነው፤ ማንም አይጮህም፣ ማንም አያስፈራራም፣ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዘራቸውን ተደግፈው እግራቸው ይንቀጠቀጣል።

አሰልጣኛችንን ክንዷን ይዤ ወደ ኮሪደሩ አወጣኋት።

«ምን ማድረግዎ ነው?»

«እናቱ አበልጄ ናት። ድንጋይ ተሸክማ ደጄ ላይ ስትወድቅ ምን ልበላት?»

«እምቢ ይበሏታ። እኛን እንደዚያ አይደል ያስተማሩን?»

«ያ ትምህርት ነው፣ ልጄ። ይሄ ደግሞ ኑሮ ነው» አለችኝ፤ ክፍል ውስጥ በምታስረዳን በዚያው ረጋ ባለ ድምፅ። ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ስታለማምደን ለየትኛው አገር ሴት ኖሯል?

ስንመለስ ሽማግሌውን ላብ አጥምቋቸዋል። ሁሉም እየሰማ ሴትየዋን «ካልፈለግሽ ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም» አልኳት። የገዛ አክስቴ ናት የገሠጸችኝ፤ «ተይ አንቺ፣ ትልቅ ሰው ቆሞ?» ብላ። ሴትየዋ ዓይኗን የሽማግሌው እግር ላይ ተከለች።

«ይቀመጡ አባቴ» አለች በመጨረሻ።

ተቀመጡ። ባልየው ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። አለቀ።

ልብሷን በፌስታል ይዤላት ደረጃውን ወረድን። አሰልጣኛችን ደህናውን ክንዷን ደግፋ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» እያለች ከፊቴ ትወርዳለች። ሴትየዋ የእኔ አሰልጣኝ መሆኗን አታውቅም፤ የባሏ ዘመድ መስላታለች። ልነግራት አፌን ስከፍት ክንዷን አላቅቃ ዞር አለችና ፌስታሉን ከእጄ ወሰደችው።

«የት እንደማድር የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ» አለችኝ።