በሳሙና የታጠበው ሸክላ

አዲስ ሸክላ ከፕላስቲኩ ሲወጣ እንደ አዲስ ጫማ ይሸታል። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ከባቡር ወርጄ ወደ ሥጋ ቤቱ ሳዘግም የሙዚቃ መሸጫው መስኮት ላይ ያንን ሽፋን አይቼ ድርቅ አልኩ፤ የእንግሊዞቹ የሮክ ባንድ የመጀመሪያ ሥራ፣ እኛ ቤት የወንድሜ የከማል ሸክላ የሚባለው፣ እንደገና ታትሞ ወጥቷል። ሻጩ ልጅ አንዱን ከፍቶ እያሳየኝ ድምፁ ምን ያህል ተጠርጎ እንደ ጸዳ ሲያብራራልኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሱን እንኳ እትዬ ሐዋ ቀድመዋችኋል፣ ያውም በሳህን ሳሙና!

እትዬ ሐዋ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናታችን እዚሁ ሲያትል በሞተች በዓመቱ፣ እነዚህን ልጆች ማን ያሳድጋቸዋል ብለው ከደሴ መጡልን። እኔ ገና ፍሬ ልጅ ነበርኩ፣ ወንድሜ ከማል ግን ጢሙ ማቀምቀም ጀምሯል። አባዬ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሐዘን ሦስት ቀን ነው ብሎ የለቅሶው ተዝያ ሲነሳ የእማዬንም ስም አብሮ ጠቀለለው፣ ከዚያ ወዲያ በቤታችን አልተጠራም። ከማል አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰም። በምትኩ ጎረቤት አሮጌ ዕቃውን ለያርድ ሴል ግቢው ላይ ሲያወጣ አንድ አሮጌ ማጫወቻና ያንን ሸክላ ገዝቶ መጣና ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ያስጮኸው ጀመር። ጊታሩ ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ያጓራል፣ ከበሮው መስኮቱን ያንቀጠቅጣል፣ አንደኛው ዘፈን መሐል ላይ ደግሞ ሁሉም ጸጥ ይልና ዘፋኙ ብቻውን ረጅም ጩኸት ይጮሃል፣ አቤት ጩኸት!

እትዬ ሐዋ እንግሊዝኛ የሚባል አይሰሙም። ያንን ጩኸት መጀመሪያ የሰሙ ቀን ቢላዋቸውን ከነሽንኩርቱ ጥለው፣ «ወይኔ ልጄን! ማን ሞቶበት ነው?» ብለው ከኩሽና ወጡ። ከማል ግድግዳውን እያየ «እናቱ» አላቸው። ያሾፈባቸው መስሎኝ ነበር፣ ፊቱን ሳየው ግን አላሾፈም። እሳቸው እንደሆነ አምነው ተቀበሉት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጩኸት በመጣ ቁጥር ድስታቸውን እያማሰሉ «አብሽር የኔ ዓለም፣ አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ይሉታል፣ እሑድ እሑድ ሳይሰሙት ከዋሉም ያ ልጅ እንዴት ሰነበተ ብለው ይጠይቁናል። አንድ ቀን ደግሞ የሐዘንተኛ ዕቃ እንዴት አቧራ ይልበስ ብለው ሸክላውን በሳህን ሳሙና ፈትገው፣ ከድስት ክዳኖቹ መሐል አቁመው አደረቁት። ከማል ሲገባ ራሱን ይዞ ጮኸ። ሸክላው ከዚያ በኋላ እንደሚንተከተክ ሽሮ እየፈላ ይዘፍን ነበር።

አንድ ከሰዓት አባዬ ሳይጠበቅ ገባ። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረ ሰው ነው፣ ጩኸቱ ከበር ተቀበለው። ይሄ የሸይጧን ጩኸት ዛሬውኑ ከቤቴ ይውጣ፣ አለዚያ አንተ ትወጣለህ አለው። ከማል ጃኬቱን ለበሰ፣ ሸክላውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ታኮማ ከተማ ሶፋው ላይ የሚያስተኛው ጓደኛ እንዳለው አውቃለሁ፤ ከወጣ እንደማይመለስም አውቃለሁ፣ የአባዬ ልጅ አይደል! በሩን ተደግፌ አለቀስኩ።

እትዬ ሐዋ እጃቸው እንደ ረጠበ መጥተው በመሐላችን ቆሙ። «አንተ! ሐዘንተኛ ከቤት ይባረራል እንዴ? ልጁ እኮ እናቱ ሞታበት ነው። ተቀመጥ!» አሉት። ዘፋኙን ይበሉ ከማልን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። ታላቅ እህት ለሐዘን ተቀመጥ ስትል ማን ቆሞ ይቀራል? አባዬ ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ። ከማልም ሸክላውን መልሶ መርፌውን አስቀመጠ፣ እኛም ክብ ሠርተን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ የእንግሊዝን ሮክ እንደ ተዝያ ተቀመጥንለት። ጩኸቱ ሲመጣ ከማል ጃኬቱን እንደ ለበሰ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፣ አባዬም የእማዬን ስም ጠራ። ስለ ሸክላው ዳግመኛ ክፉ አልተናገረም።

እትዬ ሐዋ ካረፉ ቆዩ። አባዬን የቀበርነው ግን ባለፈው ወር ነው። ከማል አሁን ሽበታም የታኮማ ወደብ ሠራተኛ ነው፤ ለቀስተኛውን ተቀበለ፣ ሻይ ቀዳ፣ ሁሉንም አመስግኖ ሸኘ፣ እንባ ግን እንደ ድሮው የለም። ኮል ባደረግኩ ቁጥር «ኦኬ ነኝ» ይለኛል።

ያን ቅዳሜ አዲሱን ሸክላ ገዝቼ ማውንትሌክ ቴራስ ያለው ቤቴ ገባሁና አጫወትኩት። እውነትም ጸድቷል፣ የጊታሩ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል። ሽሮው ግን የለም። ጩኸቱ ሲመጣ ሳላውቀው ወደ ኩሽናው ዞሬ ጠበቅኩ፤ አብሽር የሚል ሰው የለም። ያን ያህል ሰፊ ቤት ያለኝ አይመስለኝም ነበር። መርፌውን መለስኩና ለከማል ደወልኩለት፣ ሲያነሳው ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ ያዝኩት።

ጩኸቱ መጣ፣ አለፈ። ከማል ከታኮማ «ማን ሞቶበት ነው?» አለኝ።

«አባቱ» አልኩትና ስልኩን እንደያዝኩ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።