ሬሳ በሌለበት ቤት

በዚያ ቀን ዝናቡ ከቀትር በኋላ ቀጥ አለና ፀሐይ ወጣች። የአዳማ መሬት ጭቃው መጭሰስ ጀመረ። ከባቡር ጣቢያው በታች ባለው ረግረግ ላይ ትንኙ እየተግተለተለ ይነሳ ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ነው።

ዘርፉ ያን ጊዜ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ነገሪ ሐዲድ ጠጋኝ ነው። ታናሽ ወንድሟ ፈዬራ ቄስ ዘንድ ሲላክ አብራው እየተቀመጠች፣ እሱ ሲያንቀላፋ እሷ ዳዊት ደገመች። ይህን ያዩት የጣቢያው ሹም ባለቤት ወይዘሮ ዘመናይ፣ «መስከረም ሲጠባ አዲስ አበባ ይዣት ልሂድ፤ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፍቷል» አሉ። ነገሪ እሺ አለ። እናቷ አበበች ግን እሺም እምቢም አላለችም። ዘርፉ ውኃ ስትቀዳም እንጨት ስትለቅምም የእናቷን አፍ ብቻ ትጠብቅ ነበር።

ወይዘሮ ዘመናይ መጽሐፍም አውሰዋት ነበር። ዳዊት አይደለም፣ ገድልም አይደለም፤ ሰው ከልቡ አውጥቶ የጻፈው ታሪክ ነው። አንዲት ባልቴት አንድ ልጇ ባሕር ተሻግሮ ይሞትባታል። በዚያ ቀን ዘርፉ ከቤቱ ጥላ ተቀምጣ ለፋዲላ ታነብላታለች። ፋዲላ የጎረቤታቸው የወሎዬው ነጋዴ ልጅ ናት፤ ፊደል ባትቆጥርም መስማት ትወዳለች። ባልቴቷ ሙሾ የምታወርድበት ላይ ደረሱ፦

ደጁን አትዝጉብኝ፣ ልጄ ውጭ አድሯል፤
ጋቢውን አልያዘም፣ ሌሊቱ ይበርዳል።

ዘርፉ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አንቺ! ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለች ፋዲላ።

«ተዪኝ።»

«እኔስ የተናደድኩት በሷ ነው። ጅል! መርከቡ ላይ ሳይወጣ እግሩን ጠምጥማ አትይዘውም ነበር?»

«ብትይዘውስ? መሄዱ አይቀርም።»

«የኔ እናት ብትሆን መርከቡንም ታስቀረው ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ዘርፉ ሙሾውን እንደገና ልታነብላት ስትጀምር ግን ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አበበች ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«ማን ሞተ?»

«እዚህ አይደለም፣ እማዬ። መጽሐፉ ላይ ነው፤ የአንዲት ባልቴት ልጅ።»

«የት አገር ናት? እናውቃታለን?»

«የለችም። ሰው ያሰባት ናት።»

የአበበች ፊት ተለዋወጠ። «ለሌለ ሰው? ሬሳ በሌለበት ቤቴ ሙሾ ታወርጂብኛለሽ? ሟርተኛ! ማንን ልትጠሪብኝ ነው?»

ፋዲላ ሻሿን አስተካክላ ሹልክ አለች።

በሳምንቱ ፈዬራን ንዳድ ያዘው። ከጣቢያው ኪኒን ተለምኖ መጣ፤ ቢውጠውም አስመለሰው። እሑድ ጎህ ሲቀድ አረፈ።

ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ ዘርፉ ደርቃ ቀረች። አንዷ በክርኗ ጎሰመቻት። «አልቅሺ እንጂ፤ ወንድምሽ አይደለም ወይ?» ዘርፉ የምትለውን ፈለገች፤ ከራሷ አንድም ቃል አጣች። ከአፏ የወጣው የባልቴቷ ሙሾ ነው፦

ደጁን አትዝጉብኝ፣ ወንድሜ ውጭ አድሯል፤
ጋቢውን አልያዘም፣ ሌሊቱ ይበርዳል።

ቤቱ በእንባ ታጠበ። አልቃሿ እንኳ ግጥሟን ትታ ተንሰቀሰቀች። ዘርፉም ፈዬራን ብርድ ላይ ቆሞ ያየችው መሰላትና እንባዋ መጣላት። ቀና ስትል ከእናቷ ዓይን ጋር ተጋጨች። አበበች ማልቀሷን አቁማለች።

«ይህንን ነው» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ በጤናው ሲሮጥ ሳለ ያወረደችበት ይህንን ነው።»

አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ፈቀቅ አሉ። ነገሪ የዘርፉን እጅ ይዞ አስነሳት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ውጭ እንውጣ» አላት፤ እናትሽ ያለችው ሐሰት ነው ግን አላላትም።

ወይዘሮ ዘመናይ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው የትምህርት ቤቱን ነገር ሊያነሱ ሲሉ አበበች አላስጨረሰቻቸውም።

«አንዱን በመጽሐፍዎ ወሰዱብኝ። ይቺንም ልስጥዎት?»

እሳቸው መጽሐፋቸውን ተቀብለው ወጡ። ዘርፉ አልተከራከረችም። እኔ አይደለሁም ለማለት መጀመሪያ ራሷ ማመን ነበረባት፤ እሷም እርግጠኛ አልነበረችም። ሌሊት ሌሊት፣ ያን ቀን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ባነብ ኖሮ ትል ነበር። በጥር ዳሯት።

ዘርፉ አሁን መቂ ናት። የከብት ነጋዴ ሚስት ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። ማንበብ እንደምትችል ባሏ አያውቅም።