«ደረቅ» የተባለው ቆሻሻ

ያን ጠዋት መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አምስት ነበርን። ሾፌሩ ከጭነት መኪናው በር ጎን፣ ከሞያሌ የመጣው ደላላ ከጭነቱ ኋላ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ከማንጎው ጥላ ሥር ቆመዋል። የማኅበራችን ሊቀመንበር መግቢያው ላይ ነበረች፤ እኔ ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፌአለሁ።

ጭነቱ ከኬንያ ድንበር ሳይራገፍ ተመልሷል። ማዶ ያለ አንድ ፋብሪካ በነዳጅ ፈንታ የከተማ ቆሻሻ ስለሚያነድ፣ የአርባ ምንጭን ቆሻሻ ለቅመን ልንልክለት በደላላው በኩል ተስማምተን ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ መጋዘኑን የሰጠን ገዢ አለን ስላልን ነው። ገዢ ከሌለ የምንመለሰው ሌት ተቀን ወደሚጨሰው መጣያ ነው። ሊቀመንበሯ እዚያ ስትለቅም ደረቷን ታማ፣ ሐኪም ወደ ጭሱ እንዳትመለስ ከልክሏታል።

ደላላው አንዱን ጆንያ በቢላ ቀደደው። ቡናማ ውሃ ጫማው ላይ ፈሰሰ፤ የበሰበሰ የሙዝ ልጣጭና ግንድ ተከተለው።

«እማማ፣ ደረቅ ቆሻሻ ብቻ ብዬ አልነበረም?» አለኝ፤ በዕድሜ ስለምበልጥ ይሆናል።

ሊቀመንበሯ ቀደመችኝ። «ደረቅ ነው እንጂ። ከሽንት ቤት የወጣ ጠብታ የለበትም።»

ሾፌሩ ሳቀ። «እቴ፣ ከኮንሶ ጀምሮ ዝንብ ያጀበኝ ታዲያ ለሠርጌ ነው?»

በከተማችን ከቤትና ከገበያ የሚጣለው ሁሉ ደረቅ ቆሻሻ ይባላል፤ ፍሳሽ የሚባለው ሌላ ነው። ማዘጋጃ ቤቱም የሚጠራው እንደዚሁ ነው። ባለሙያውን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

«እሳቱ የናንተን አጠራር አያውቅም፣ እህቴ» አለ ደላላው።

«አስጥተን እንልካለን። እዚህ ፀሐይ መች ቸገረ።»

«ማዶዎቹ ከሌላ ከተማ መውሰድ ጀምረዋል። እኔንም አባረውኛል።»

ወደ ባለሙያው ዞረች። «ወንድሜ፣ ሌላ ገዢ እስክናገኝ መጋዘኑ ይቆየን።»

«ወረፋ የሚጠብቅ ማኅበር አለ። ነገ ታስረክባላችሁ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩት» አለችኝ።

«ደረቷ ታሟል» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

ሾፌሩ መኪናውን አራግፉልኝ ብሎ የኋላውን በር አወረደ። ጆንያዎቹን እየተቀባበልን ደጃፉ ላይ ደረደርናቸው። ስንጨርስ ሊቀመንበሯ ነጠላዋን አፏ ላይ አሰረችና የመልቀሚያ ሜንጦዋን ከመጋዘኑ አወጣች። መንገዷ ወደሚጨሰው መጣያ ነው፤ የእኔ ወደ ኩልፎ ወንዝ። እጄን ታጥቤ ሄድኩ።