ሁለቱ ግመሎችና የካርቱም ክፍያ

ቅዳሜ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ሰማዩ ሳይገለጥ አውቶቡስ ተራ ደረስን፤ እኔና ዘይነባ። ዘይነባ የልጅነት ጓደኛዬ የሰይድ ልጅ ናት። አዲስ አበባ የተማረችው እኔ ቤት ተቀምጣ ነው። ዘንድሮ ማትሪክ ተፈትና በሒሳብ ወደቀች። ብታልፍ ኖሮ የእኛው ዩኒቨርሲቲ በነፃ ያስተምራት ነበር። ስላልሆነ ዐረብኛዋን ተማምነን ወደ ጎረቤት አገር አየን። ካርቱም ርካሽ ነው ሲባል አባቷ ሁለት ግመሎቹን ሸጦ ሊልካት ቆረጠ። ሌላ ግመል የለውም፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው በእነሱ ጨው እያመላለሰ ነው።

ትናንት ካርቱም ተምሮ የተመለሰ አንድ መምህር ቤቴ መጥቶ ጉዱን ነገረን። ርካሽ የሆነው ለሱዳን ልጅ ነው። ከውጭ የሄደ እጥፍ ድርብ ይከፍላል፤ የሁለት ግመል ዋጋ አንድ ዓመት እንኳን አያዘልቅም። ሸዋ ሮቢት ጎረቤቶቹ ጋ ብንደውል፣ ሰይድ ነገ ግመሎቹን ይዞ ወደ ሰንበቴ ገበያ ይነሳል አሉን፤ መልእክታችንን ሳንናገር መስመሩ ተቋረጠ። ገበያው እሑድ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ቅዳሜ ቀትር፣ ጣርማ በር

ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ዋሻው ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ቆሟል፤ ከኋላው እኛና ሌሎች ተደርድረናል። ሴቶች ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል በመስኮት ያቀብላሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ ሾፌሩ ጥርሱን ይፍቃል።

«ወንድሜ፣ መቼ ነው የምንነሳው?»

«ጋሼ፣ እሱ ሲነሳ።»

ልመታው ምንም አልቀረኝም። ዘይነባ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ገደሉ ታያለች።

«ጋሼ፣ ናይሮቢስ?» አለችኝ።

«ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ ልጆች አንድ ዋጋ ነው አሉ። ለእኛ ሌላ ነው።»

የጭነት መኪናው ሲነሳ ቁልቁለቱን ወርደን ቆላ ገባን።

ቅዳሜ አመሻሽ፣ ሸዋ ሮቢት

ሙቀቱ ፊት ይጠብሳል። መንገድ ዳር ፓፓያና ሎሚ ተቆልሏል፤ የጃንሆይ ፎቶ የተሰቀለበት ሻይ ቤት በሾፌሮች ሞልቷል። እኛ በቀጥታ ወደ ሰይድ ቤት ሄድን። ሚስቱ እትዬ ዘሀራ በር ላይ ተቀበለችን።

«ጧት ዱዓ አስደርጎ ነድቷቸው ወጣ» አለች። «ምነው፣ በሰላም ነው?»

ስንነግራት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ያ ረቢ፣ እነሱ ከሄዱ ምን እንበላለን?» አለች። ዘይነባ እናቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

እሑድ፣ ሰንበቴ

በጧት ሽንኩርት የጫነ መኪና ላይ ተንጠላጥለን ደረስን። ገበያው ደምቋል፦ ጊሌ የሚባለውን ጩቤ የታጠቁ አፋሮች፣ የአርጎባ ሸማኔዎች፣ ቅቤ የያዙ የኦሮሞ ሴቶች። ግመል ተራው ዳር ላይ፣ ግራሮቹ ሥር ነው።

ሰይድን አየሁት። ከአንድ ሽማግሌ አፋር ጋር ፊት ለፊት ቆሟል፤ የሁለቱም ቀኝ እጅ በሽርጥ ተሸፍኗል። እዚህ አገር የግመል ዋጋ በአፍ አይነገርም። ጨርቅ ሥር አንዱ የሌላውን ጣት እየያዘ ይደራደራል፤ የተያዘው ጣት ብዛት ቁጥሩ ነው። ጠበቅ አድርገው ከተጨባበጡ ተሽጧል፣ መመለስ የለም። እጅ ጨርቅ ውስጥ እያለ ደግሞ ማንም አይጠጋም፣ ማንም አይናገርም። ነውር ነው።

ልሮጥ ስል ደላላው አደም እጅጌዬን ያዘኝ። «ይቆዩ ጋሼ፣ እጅ ጨርቅ ውስጥ ነው።»

ቆምኩ። የዚህ አገር ልጅ ነኝና እግሬ እምቢ አለኝ። የሰይድ ክንድ ሽርጡ ሥር ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ዘይነባ ግን በጎኔ አልፋ ሄደች። ደርሳ ሽርጡን ገለጠችው።

«አባባ፣ አይሽጡ። ካርቱም ለእኔ ርካሽ አይደለም። የግመሎቹ ዋጋ አንድ ዓመትም አያስተምረኝም።»

ግመል ተራው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። ሽማግሌው እጁን ሰበሰበ፣ ሽርጡን አራግፎ ትከሻው ላይ ጣለና ሄደ። ሰይድ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ሰይድ» አለ አደም ቀስ ብሎ፣ «ከእንግዲህ ካንተ ጋር ማን እጁን ጨርቅ ውስጥ ያስገባል?»

 ሰይድ የግመሎቹን ገመድ ይዞ ወደ ቤቱ መንገድ ገባ። ከኋላው ብንከተልም አንድ ጊዜ እንኳን አልዞረም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጀውሃ ወንዝ ላይ ግመሎቹን ሲያጠጣ ነበር የተናገረው፤ ለእኔ እንጂ ለእሷ አይደለም።

«ሱዳን ጎረቤታችን ነው። ኬንያም ጎረቤታችን ነው። እኛ ለእነሱ ምናቸው ነን?»

ጋዜጣ ላይ ስንቱን የምተነትን ሰውዬ፣ ጎንበስ ብዬ የአንዱን ግመል ገመድ ያዝኩለት።

ሰኞ ንጋት፣ ሸዋ ሮቢት

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ሰይድ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። መጣ። እኔን ተሰናበተኝና ዘይነባ ወደቆመችበት ሄደ። የራሱን ሽርጥ ከትከሻው አውርዶ እጇ ላይ ጣለው፤ እጁንም ከሥሩ አስገባ። ከንፈሩ አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሰው ያያል፣ ማንም ግን አልተጠጋም። ከዚያ ሽርጡን አንስቶ ሄደ።

ደብረ ሲና እስክንደርስ ታገስኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ምን አለሽ?»

«'ማትሪክ' ብሎ አንድ ጣቴን ያዘ። አንድ ዓመት ጠብቄ ደግሜ እንድፈተን ነው።»

«አንቺስ?»

ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው።

«ጨበጥኩት» አለች።